ሳይከፍቱ ማረጋገጥ፦ ሣጥኑ ውስጥ ያለው እውነተኛ የኑክሌር አረር መሆኑ በምን ይታወቃል?

ኒውትሮን_ቆጣሪ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ።

በአሜሪካና በሩሲያ መካከል የነበረው፣ የኑክሌር አረሮችን (ሚሳኤል ጫፍ ላይ የሚሰቀሉትን ቦምቦች) ቁጥር የሚገድበው ኒው ስታርት የተባለው ስምምነት ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2026 ጊዜው አበቃ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ከዚያ ወዲህ በየቦታው የምሰማው አንድ አነጋገር አለ፦ «ድሮስ ማን ማንን አረጋግጦ ያውቃል? ወረቀት ብቻ ነው።» ይህን ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም። ስህተት ነው፤ ጎጂ ስህተት ነው። ማረጋገጥ አይቻልም ብሎ ያመነ ሕዝብ መሪዎቹን «ተስማሙ» ብሎ አይወተውትም።

ከፊዚክሱ እንጀምር። ለጦር መሣሪያ በሚሆን ፕሉቶኒየም ውስጥ 6 በመቶ ያህሉ ፕሉቶኒየም 240 ነው። ይህ አይሶቶፕ (የአንድ ንጥረ ነገር በአቶሙ ክብደት የሚለይ ዓይነት) ማንም ሳይነካው በራሱ ይሰነጠቃል። ከአንድ ግራም በሴኮንድ 1,000 ያህል ኒውትሮን ይወጣል። 4 ኪሎ ፕሉቶኒየም ብንይዝ 240 ግራሙ ፕሉቶኒየም 240 ነው፤ በሴኮንድ ወደ 240,000 ኒውትሮን ይረጫል ማለት ነው። ይህን የሚያጠፋ ማብሪያ ማጥፊያ የለም። ቢያሞቁትም፣ ቢያቀዘቅዙትም፣ ቢቆልፉበትም ይወጣል።

ጋማ ጨረርም አለ። እያንዳንዱ አይሶቶፕ የሚለቀው ጨረር የራሱ የኃይል መጠን አለው። ዩራኒየም 235 በ186 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት፣ ፕሉቶኒየም 239 ደግሞ በ414 ላይ ይለያል። ጥሩ የጀርማኒየም ዲቴክተር (የጨረር መለኪያ) ያለው ሰው ማንነታቸውን ያነባል።

ይህ በወረቀት ላይ የቀረ ነገር አይደለም። በ1987 የመካከለኛ ርቀት ሚሳኤሎች ስምምነት ሲፈረም ሶቪየቶች ኤስኤስ 20 የተባለውን ሚሳኤል በሙሉ ሊያጠፉ፣ ኤስኤስ 25ን ግን ሊያቆዩ ተስማሙ። ችግሩ ሁለቱ ሚሳኤሎች በማሸጊያቸው ውስጥ እንዳሉ ከውጭ ሲታዩ ይምታታሉ። ልዩነቱ ኤስኤስ 20 ሦስት አረር ሲሸከም ኤስኤስ 25 የሚሸከመው አንድ ብቻ መሆኑ ነው። ተቆጣጣሪዎቹ ታዲያ ማሸጊያውን አላስከፈቱም። ከውጭ ሆነው ኒውትሮን ለኩ። የሦስት አረርና የአንድ አረር ኒውትሮን አወጣጥ አይመሳሰልም።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የ1989ኙ የጥቁር ባሕር ሙከራ ነው። ጁላይ ላይ የአሜሪካ ሳይንቲስቶች ከሶቪየት ሳይንስ አካዳሚ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ያልታ አጠገብ «ስላቫ» የተባለች የጦር መርከብ ላይ ወጡ። አሜሪካኖቹ የመጡት ከመንግሥት አልነበረም፤ የተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ ላይ ከሚሠራ የግል ድርጅት ነው። መርከቧ ላይ እውነተኛ አረር የተገጠመለት ክሩዝ ሚሳኤል በማስወንጨፊያ ቱቦው ውስጥ ነበር። ዲቴክተራቸውን ቱቦው ላይ አስቀመጡ። የዩራኒየሙም የፕሉቶኒየሙም ጋማ መስመሮች ቁልጭ ብለው ወጡ። ሶቪየቶቹ በበኩላቸው የኒውትሮን መለኪያ የጫነ ሄሊኮፕተር በመርከቧ አጠገብ አበረሩ። እሱም በአሥሮች ከሚቆጠሩ ሜትሮች ርቀት ኒውትሮኑን ያዘው።

ያቺ «ስላቫ» ኋላ «ሞስክቫ» ተብላ ስሟ ተቀየረ። በአፕሪል 2022 እዚያው ጥቁር ባሕር ላይ የሰመጠችው እሷ ናት።

ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁ። የምትቃወሙም በግልጽ ተቃወሙ።

---

የጉለሌው

መምህር፣ ጽሑፍህን ወድጄዋለሁ። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። እነዚህ ሰዎች ከልባቸው ሊስማሙ ከፈለጉ ሣጥኑን ከፍተው አያሳዩም እንዴ? ከፍቶ ማየት እያለ በጨረር መሽከርከር ለምን አስፈለገ? የሚደብቅ ሰው እኮ የሚደብቀው ነገር አለው።

---

ኒውትሮን_ቆጣሪ

ጋሼ፣ ጥያቄዎ የጉዳዩ እምብርት ነው።

የሚደብቁት ነገር በእርግጥ አለ። የአረሩን ንድፍ ነው የሚደብቁት። ደግሞ እንዲደብቁ እኛም እንፈልጋለን። ፕሉቶኒየሙ ምን ያህል ነው፣ ቅርጹ ምን ይመስላል፣ በዙሪያው ምን ምን ተደርድሯል የሚለው መረጃ ቢወጣ ቦምብ መሥራት ለሚያምረው ሌላ አገር ስንቅ ይሆናል። የኑክሌር መሣሪያ ስርጭትን የሚከለክለው ስምምነት አንቀጽ 1 ራሱ ባለመሣሪያዎቹ አገሮች ሌላውን እንዳያግዙ ያስገድዳል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ጥሩ መለኪያ ብዙ ይናገራል። ከላይ ያልኩት የጀርማኒየም ዲቴክተር «እዚህ ፕሉቶኒየም አለ» ብሎ ብቻ አያቆምም። የአይሶቶፖቹን መጠን ይናገራል፤ ጨረሩ በምን ውስጥ አልፎ እንደመጣም ይጠቁማል። ለተቆጣጣሪው ደስ የሚያሰኘው መለኪያ ለባለቤቱ ስለላ ነው።

በኒው ስታርት ዘመን የተመረጠው መንገድ ይህን ችግር መሸሽ ነበር። ስምምነቱ የተሠማሩ አረሮችን ቁጥር በ1,550 ገደበ። በዓመት እስከ 18 ጊዜ በአካል መፈተሽ ይቻል ነበር። ተቆጣጣሪው መጥቶ የሚሳኤሉ ጫፍ ሲገለጥለት አረሮቹ በሽፋን እንደተሸፈኑ ስንት እንደሆኑ ይቆጥራል። አንዱን ዕቃ ባለቤቱ «ይሄ አረር አይደለም» ካለ በኒውትሮን መለኪያ ይፈተሻል፤ ኒውትሮን ከሌለው እውነቱን ነው። ልብ ይበሉ፣ የኒውትሮን መለኪያው የሚያረጋግጠው አረር አለመሆኑን እንጂ አረር መሆኑን አይደለም። መጋዘን ውስጥ ያለውን ደግሞ ስምምነቱ አይቆጥረውም ነበር።

ቀጣዩ ስምምነት አረሮቹን አንድ በአንድ እንፍታ የሚል ከሆነ ግን ይህ አይበቃም። «ፈታሁት» ያለው ዕቃ እውነተኛ አረር እንደነበር መታወቅ አለበት። ውጤቱ «አዎ» ወይም «አይደለም» ብቻ የሆነ መለኪያ ያስፈልጋል ማለት ነው።

---

ኮደር_ሲልቨርስፕሪንግ

እኔ የሶፍትዌር ሰው ነኝ፤ ፊዚክስ ከሃይስኩል በኋላ አልነካሁም። ግን ይሄ «አዎ/አይደለም» የሚለው ነገር እኛ ቤት በደንብ የሚታወቅ ጣጣ ነው። ዲቴክተሩ መረጃውን ወደ ኮምፒውተር ይልካል፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያስልና አረንጓዴ ወይም ቀይ መብራት ያበራል። እሺ። ኮምፒውተሩን ማን ሠራው?

ባለቤቱ ከሠራው ተቆጣጣሪው «ሁልጊዜ አረንጓዴ እንዲያበራ አድርጎት ቢሆንስ» ይላል። ተቆጣጣሪው ካመጣው ባለቤቱ «መረጃዬን ደብቆ ይዞ ቢወጣስ» ይላል። ዛሬ አንድ ቺፕ ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠር ትራንዚስተር አለ። አንዱ ጥግ ላይ ምን እንደተሸጎጠ ማንም በዓይኑ ሊያይ አይችልም። ይሄን ያላነሳ ሰው ነገሩን በጣም አቅልሎታል።

---

ኒውትሮን_ቆጣሪ

ወንድሜ፣ ልክ ነህ። አላቀለሉትም። አሜሪካ፣ ሩሲያና ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ከ1996 እስከ 2002 ሦስት ሆነው የሠሩበት ጉዳይ ይሄው ነው። «የመረጃ ግድግዳ» የሚሉትን መሣሪያ አጠኑ። ፕሉቶኒየም አለ ወይ? የጦር መሣሪያ ደረጃ ያለው ነው ወይ? መጠኑስ ከተስማሙበት ወለል በላይ ነው ወይ? መልሱ በመብራት ብቻ ይወጣል፤ ቁጥሩ ከግድግዳው ወዲያ ይቀራል። ከ2007 ጀምሮ ደግሞ እንግሊዝና ኖርዌይ አብረው ሞክረውታል። ኖርዌይ ቦምብ የላትም። ቦምብ የሌላት አገር ምስጢር ሳታውቅ ተቆጣጣሪ መሆን እንደምትችል ያሳየ ሥራ ነው፤ ለእኛ ለመሳሰሉ አገሮች ትልቅ ነገር ነው ብዬ አምናለሁ።

ያንተን ጥያቄ ግን በጣም በሚገርም መንገድ የመለሱት ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ናቸው። 6502 የሚባለውን ፕሮሰሰር ታውቀዋለህ?

---

ኮደር_ሲልቨርስፕሪንግ

አፕል 2 ውስጥ የነበረው? 1975 የወጣው?

---

ኒውትሮን_ቆጣሪ

እሱው ራሱ። ወደ 3,500 ትራንዚስተር ብቻ ነው ያለው። በማይክሮስኮፕ ፎቶ አንስተህ እያንዳንዷን መስመር መከተል ትችላለህ። ደግሞ የተሠራው በዚያ ዘመን ለሌላ ሥራ ነው። በ1970ዎቹ የጨዋታና የቤት ኮምፒውተር ቺፕ ሲያመርት የነበረ ፋብሪካ ከአርባ ዓመት በኋላ አረር ይለካበታል ብሎ ውስጡ ወጥመድ አይቀብርም። ገበያ ላይ ደግሞ የትም ይገኛል። ሁለቱም ወገኖች ከፈለጉበት ገዝተው፣ አቀላቅለው፣ በዕጣ መርጠው ይጠቀማሉ። የጋማ መለኪያውን በዚህ ቺፕ ሠርተው አሳይተዋል። ፍጥነቱ ለዚህ ሥራ ይበቃል።

---

ኮደር_ሲልቨርስፕሪንግ

ይሄን ሳነብ ከወንበሬ ተነሳሁ። እኛ በየዓመቱ አዲስ ቺፕ እንሯሯጣለን፤ ለመታመን ሲሆን ግን አሮጌው ይሻላል ማለት ነው። በእውነት አከብራቸዋለሁ።

---

ስቶክሆልም_ነዋሪ

ለብዙ ጊዜ ዝም ብዬ ሳነብ ነበር፤ እዚህ ላይ ግን መግባት አለብኝ። በዚሁ ዘርፍ ነው የምማረው።

የመረጃ ግድግዳው አንድ ድክመት አለው። ምስጢሩ አንድ ጊዜ ይለካል፣ ከዚያ ይደበቃል። የተለካ ነገር ደግሞ ሊሾልክ ይችላል። በ2014 የወጣው ሐሳብ ከዚህ ይለያል። ምስጢሩ ጭራሽ አይለካም። የሐሳቡ ባለቤቶች ግሌዘር፣ ባራክና ጎልድስተን ናቸው። ባራክ የኮምፒውተር ሳይንስ ሰው ነው፤ ሥሩም ከሚስጥራዊ ኮድ ጥናት የመጣ ነው።

በምሳሌ ላስረዳ። ሁለት ወንድማማቾች በየፖስታቸው ብር አስቀምጠዋል። ሽማግሌው እኩል መሆኑን ማረጋገጥ አለበት። መጠኑን ግን ወንድማማቾቹ መናገር አይፈልጉም። እንግዲህ ሁለት ሣጥን በምስጢር ያዘጋጃሉ። በየሣጥኑ ውስጥ ፖስታው ላይ ሲጨመር ልክ 200 ብር የሚሞላ ገንዘብ ያስቀምጣሉ። ሽማግሌው የትኛው ፖስታ የትኛው ሣጥን ውስጥ እንደሚገለበጥ ራሱ ይመርጣል። ሣጥኖቹ ሲከፈቱ ሁለቱም 200 ከሆኑ ፖስታዎቹ እኩል ናቸው። ሽማግሌው ከ200 ሌላ ያየው ቁጥር የለም። ፖስታዎቹ እኩል ባይሆኑስ? ወንድማማቾቹ ሣጥኖቹን አለያይተው አዘጋጅተው ሊያታልሉ ይችላሉ። ግን ሽማግሌው አዛንፎ የመምረጥ ዕድሉ ግማሽ ነው፤ ከመረጠ ይያዛሉ። አምስት ጊዜ ቢደጋገም ሳይያዙ የማለፍ ዕድላቸው ከ32 አንድ ነው።

አሁን ወደ አረሩ። በሁለቱ ፖስታዎች ቦታ መነሻ የሚሆን አንድ አረርና የሚፈተሸው ዕቃ አሉ፤ በብሩ ቦታ ኒውትሮን ነው የሚቆጠረው። 14 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ኃይል ያለው ኒውትሮን በዕቃው ውስጥ ይተኮሳል። ከጀርባው የተደረደሩት መለኪያዎች ጄል የሞላባቸው ቱቦዎች ናቸው። ጄሉ ውስጥ የሚፈላበትን ሙቀት አልፎ ሳይፈላ የቆየ ፈሳሽ በጠብታ በጠብታ ተበትኗል። ኒውትሮን ሲመታው ጠብታው ይፈነዳና አረፋ ይሆናል። አረፋው እዚያው ይቀራል። ኤሌክትሪክ የለው፣ ኮምፒውተር የለው፣ ገመድ የለው። የአረፋው ብዛት በዓይን ይቆጠራል።

ባለቤቱ ቱቦዎቹን አስቀድሞ በምስጢር በአረፋ ይሞላቸዋል። የሚሞላው አረሩ የሚሰጠውን ምስል ገልብጦ ነው። እውነተኛው አረር ሲፈተሽ ሁሉም ቱቦ እኩል ይሞላል። ተቆጣጣሪው የሚያየው ምስል የለም፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። ዕቃው ሐሰተኛ ከሆነ ግን ልዩነቱ ብቅ ይላል።

እኔን ያሸነፈኝ ነጥብ ቀጥሎ ያለው ነው። ኒውትሮን ስትቆጥር ሁሌም መዋዠቅ አለ። 5,000 ስትጠብቅ 71 ያህል ወዲህ ወዲያ ይላል፤ የ5,000 ስኩዌር ሩት ማለት ነው። ታዲያ ከመዋዠቁ ተነስቶ ምስጢሩን መገመት አይቻልም ወይ? አይቻልም። አስቀድሞ የተሞላውም ራሱ በዚያው ሕግ ከዋዠቀ ድምሩ የሚዋዥቀው ልክ እንደ 5,000 ነው። ቱቦው 1,000 ተሞልቶ 4,000 ቢጨመርበት ወይም 3,000 ተሞልቶ 2,000 ቢጨመርበት ልዩነቱን ማንም ሊያውቅ አይችልም። ተፈጥሮ ራሷ ምስጢር ትጠብቃለች።

በ2016 በሙከራ አሳይተውታል። አረር ስላልነበራቸው የአሉሚኒየምና የብረት ኩቦች ደርድረው ነው የሠሩት። አንዱ ኩብ ቦታ ሲቀየር ይታወቃል፤ ሳይቀየር ምንም አይታይም። በዚያው ዓመት ኤምአይቲ ያሉ ሰዎች በሌላ መንገድ፣ የአቶሙ እምብርት ለየት ያለ ጋማ ውጦ መልሶ የሚለቅበትን ባሕርይ ተጠቅመው ተመሳሳይ ሐሳብ አቅርበዋል። መንገዱ አንድ ብቻ አለመሆኑ ደስ ይለኛል።

---

የጉለሌው

ልጄ፣ በደንብ አስረድተሃል፤ እግዜር ይስጥህ። የወንድማማቾቹ ነገር ገብቶኛል።

ግን እኔ የማልውጠው ነገር አለ። በ2003 ኤጀንሲው ኢራቅ ገብቶ ነበር። የኤጀንሲው ኃላፊ ኤልባራዳይ ማርች 7 ቀን ጸጥታው ምክር ቤት ፊት ቆሞ የኑክሌር ፕሮግራም መልሶ ስለመጀመሩ ማስረጃ አላገኘንም አለ። ከኒጀር ዩራኒየም ለመግዛት ተስማምታለች የተባለበት ሰነድም እውነተኛ አይደለም አለ። አላመኑትም። ማርች 20 ጦርነቱ ተጀመረ። መለኪያው እውነቱን ተናግሮ ነበር። ማን ሰማው? እናንተ ስለ አረፋ ታወራላችሁ፤ ጉልበተኛው አረፋም አይቆጥርም። ይህን ሳትመልሱልኝ ወደ ሌላ እንዳትሄዱ።

---

ኒውትሮን_ቆጣሪ

ጋሼ፣ ይህ ተቃውሞ ከባድ ነው፤ በአጭሩ «አይ፣ ይሠራል» ብዬ አልፈው ነውር ነው።

መለኪያ ጦርነት አያስቆምም። ያንን አላልኩም። በኢራቅ የሆነው ግን ማረጋገጥ አይቻልም የሚለውን አያሳይም። ተቃራኒውን ነው የሚያሳየው። ተቆጣጣሪዎቹ ትክክል ነበሩ። ዛሬ ያ ጦርነት በሐሰት ምክንያት ተጀመረ ብለን በሙሉ አፋችን የምንናገረው ማርች 7 ላይ የተባለው ስለተመዘገበ ጭምር ነው። መለኪያው ባይኖር ኖሮ ዛሬም «ማን ያውቃል» እንባባል ነበር።

ሌላኛውን ጎን ደግሞ ላሳይዎ። አገሪቱ የዋሸችበትንና ፊዚክስ ያጋለጠበትን ጊዜ።

ሰሜን ኮሪያ በ1992 ለኤጀንሲው በሯን ከፈተች። ያላትንም አሳወቀች። በ1990 አንድ ጊዜ ብቻ ከተበላሹ የነዳጅ ዘንጎች 90 ግራም ያህል ፕሉቶኒየም ለይቻለሁ አለች። 90 ግራም ለቦምብ አይሆንም፤ ኤጀንሲው እንደ ወሳኝ መጠን የሚቆጥረው 8 ኪሎ ነው። ስለዚህ ላይ ላዩን ሲታይ የሚያሳስብ አልነበረም።

ተቆጣጣሪዎቹ ዮንግብዮን ያለው ላቦራቶሪ ውስጥ ገብተው ጠራርገው ናሙና ወሰዱ። በጨርቅ ነው የሚጠረገው። የሥራ ቦታ ምንም ያህል ቢጸዳ ቅንጣት ይቀራል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፕሉቶኒየም ውስጥ ትንሽ ፕሉቶኒየም 241 አለ። ግማሽ ዕድሜው፣ ማለትም ግማሹ ለመበስበስ የሚፈጅበት ጊዜ፣ 14 ዓመት ገደማ ነው። ሲበሰብስ ወደ አሜሪሲየም 241 ይቀየራል። ፕሉቶኒየሙ በኬሚካል በተለየበት ቀን አሜሪሲየሙ ይታጠብና ይወጣል። ከዚያች ቀን ጀምሮ እንደገና ከዜሮ ይጠራቀማል። ስለዚህ አንድ ቅንጣት ወስደህ አሜሪሲየሙ ከፕሉቶኒየም 241 አንጻር ስንት እንደሆነ ብትለካ ያ ፕሉቶኒየም የተለየበትን ዘመን ታውቃለህ። ቀኑን ፕሉቶኒየሙ ራሱ ይዞት ይዞራል።

አንድ ጊዜ ብቻ ተለይቶ ቢሆን ኖሮ ሁሉም ቅንጣት አንድ ዕድሜ ይኖረው ነበር። አልነበረውም። 1989ን፣ 1990ንና 1991ን የሚያመለክቱ የተለያዩ ዕድሜዎች ወጡ። ኤጀንሲው በፌብሩዋሪ 1993 ልዩ ፍተሻ ጠየቀ። ሰሜን ኮሪያ በማርች የኑክሌር መሣሪያ ስርጭትን ከሚከለክለው ስምምነት እወጣለሁ አለች።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን፤ ቦምቡን ሠርታለች። ፖለቲካው አልቻለም። ነገር ግን ዓለም አላወቀም ነበር ማለት አይቻልም። ከአንድ ጨርቅ ላይ በተነሳ አቧራ በ1992 ታውቆ ነበር። ሲታወቅ ለምን ምንም እንዳልተደረገ መጠየቅ ያለበት ፊዚክሱ ሳይሆን ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ባለሥልጣን ነው።

---

የጉለሌው

ይሄ የአሜሪሲየሙ ነገር አፌን አስያዘኝ። የመጨረሻዋን አረፍተ ነገር ግን ከመጀመሪያው ብትጽፋት ይሻል ነበር። እኔ ከሳይንሱ ጋር ጠብ የለኝም።

---

ተማሪዋ_ከጅማ

ሰላም፣ ሁለተኛ ዓመት የፊዚክስ ተማሪ ነኝ። ይህ ሁሉ የኃያላኑ ጉዳይ ይመስላል። ኢትዮጵያ በዚህ ውስጥ ድርሻ አላት? ወይስ ተመልካች ነን?

---

ንዝረት_አድማጭ

እህቴ፣ ድርሻ አለን። አዲስ አበባን የምታውቂ ከሆነ ፉሪ ተራራን ታውቂዋለሽ። እዚያ ያለው የመሬት ንዝረት ጣቢያ የኑክሌር ሙከራን ሙሉ በሙሉ በሚያግደው ስምምነት ዝርዝር ውስጥ በስሙ ተጽፏል። ረዳት ጣቢያ ነው። ዋናዎቹ 50 ጣቢያዎች ያለማቋረጥ ወደ ቪየና ይልካሉ፤ 120ዎቹ ረዳቶች ደግሞ ሲጠየቁ ይልካሉ። ጨረር ለሚለኩ ጣቢያዎች ከተመደቡት 80 ቦታዎች አንዱ ደግሞ ፊልቱ ነው፤ በሶማሌ ክልል። ኢትዮጵያ ስምምነቱን በ1996 ፈርማ በ2006 አጽድቃለች።

ሙሉው መረብ 321 ጣቢያና 16 ላቦራቶሪ ተብሎ የታቀደ ነው። ስምምነቱ ግን እስከ ዛሬ በሕግ አልጸናም። የግድ ማጽደቅ ያለባቸው 44 አገሮች ተዘርዝረዋል፤ አሜሪካንና ቻይናን ጨምሮ ያላጸደቁ አሉ። ሩሲያም በ2023 ማጽደቋን ሰርዛለች። ጣቢያዎቹ ግን ይሠራሉ።

አንድ ምሳሌ ልስጥሽ። ሰሜን ኮሪያ ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2013 ከመሬት በታች ሞከረች። ንዝረቱ ወዲያው በዓለም ዙሪያ ተሰማ። ፍንዳታ መሬቱን በየአቅጣጫው ይገፋል፤ የመሬት መንቀጥቀጥ ግን አንዱን ገፍቶ ሌላውን ይስባል። ስለዚህ ፍንዳታ መሆኑ ከንዝረቱ ይለያል። ኑክሌር ነው ወይስ ብዙ ዲናሚት የሚለውን ግን ንዝረት አይመልስም። ያንን የሚመልሰው ጋዝ ነው። በኑክሌር ፍንዳታ የሚፈጠረው ዜኖን ከምንም ጋር ስለማይዋሐድ በድንጋይ ስንጥቅ ሾልኮ ይወጣል።

ሳምንታት አለፉ፤ ምንም የለም። ከ55 ቀን በኋላ ጃፓን ታካሳኪ ያለው ጣቢያ ዜኖን 133ንና ዜኖን 131ኤምን ያዘ። የመጀመሪያው ግማሽ ዕድሜው 5.2 ቀን፣ ሁለተኛው ወደ 12 ቀን ነው። በ55 ቀን የመጀመሪያው ከ1,400 አንድ ያህሉ ብቻ ይቀራል፤ ሁለተኛው ግን ከ25 አንድ ያህል ይቀራል። የሁለቱ ንጽጽር መቼ እንደተፈጠሩ ይናገራል። ወደ ኋላ ሲሰላ ከፌብሩዋሪው ሙከራ ጋር ገጠመ።

---

ተማሪዋ_ከጅማ

በጣም አመሰግናለሁ! ፉሪን አውቀዋለሁ፤ ይህን ግን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። አንድ ጥያቄ ልጨምር። እስካሁን ያነሳችሁት ሁሉ ባለቤቱ «ይኸው» ብሎ ስላቀረበው ዕቃ ነው። ያላቀረበውስ? ጫካ ውስጥ አሥር አረር ደብቆ ዘጠና ቢያቀርብ አረፋው ምን ያደርጋል?

---

ስቶክሆልም_ነዋሪ

ጎበዝ። በዘርፉ ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው። አረፋው ለዚያ ምንም አያደርግም።

ተደብቆ የተቀመጠን ነገር በጨረር ከሩቅ መፈለግ አይቻልም ማለት ይቀላል። ፕሉቶኒየም እንኳ ኒውትሮኑ የሚያዘው በአሥሮች ከሚቆጠሩ ሜትሮች ርቀት ነው። የበለጸገ ዩራኒየም ደግሞ ይብሳል። ኒውትሮኑ ከቁጥር አይገባም። የ186 ጋማውንም ጥቂት ሚሊ ሜትር እርሳስ ያስቀረዋል።

ያለው መንገድ ከሌላ በኩል መምጣት ነው። «ስንት አረር አለህ» ከማለት «በዘመንህ ሁሉ ስንት ፕሉቶኒየም አመረትክ» ብሎ መጠየቅ። ይህን «የኑክሌር አርኪዮሎጂ» ይሉታል። ፕሉቶኒየም የተመረተበት ሪአክተር ውስጥ ግራፋይት (ኒውትሮንን የሚያዘገይ የካርቦን ዓይነት) ካለ ግራፋይቱ ሁሉንም ያስታውሳል። በውስጡ ኢምንት የሆነ ቦሮንና ቲታኒየም አለ። ኒውትሮን በመታቸው ቁጥር የአይሶቶፕ መጠናቸው ይቀየራል። ከየቦታው ትንሽ ትንሽ ናሙና ቆፍረሽ ብትለኪ በሪአክተሩ ዕድሜ በሙሉ ስንት ኒውትሮን እንዳለፈ ታሰያለሽ። ከዚያ ስንት ፕሉቶኒየም እንደተመረተ ይገኛል። መዝገብ ሊቃጠል ይችላል፤ ግራፋይቱን ማስተካከል ግን አይቻልም። ያም ሆኖ ስሌቱ የተወሰነ በመቶ ስህተት አለው። ብዙ ቶን ባመረተ አገር ላይ ትንሽ በመቶ ማለት ብዙ ቦምብ ነው። ይህን መደበቅ አልፈልግም።

---

ኒውትሮን_ቆጣሪ

ከአህጉራችን አንድ ልጨምር። ደቡብ አፍሪካ ስድስት ቦምብ ሠርታ ነበር። ፈትታቸው በ1991 የኑክሌር መሣሪያ ስርጭትን የሚከለክለውን ስምምነት ገባች። ፕሬዚዳንቷ ዴ ክለርክ ለዓለም የተናገረው ግን በማርች 1993 ነው። ኤጀንሲው ቦምቦቹ ሲፈቱ አልነበረም። ተፈትተው ካለቁ በኋላ ነው ገብቶ ያረጋገጠው። ያረጋገጠውም የማበልጸጊያውን የየዕለት መዝገብ ከቀረው ዩራኒየም ጋር እያመሳከረ ነው። ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ስንት ተረፈ። ያ የተሳካው ባለቤቱ መዝገቡን ስለከፈተ ነው። አፍሪካን ከኑክሌር መሣሪያ ነፃ ያደረገው ውልም ስሙን የወሰደው እዚያው ፕሮግራሙ ከነበረበት ከፔሊንዳባ ነው፤ በ2009 በሥራ ላይ ውሏል።

ስለዚህ ለጅማዋ ተማሪ መልሴ ይህ ነው። ለተደበቀው አንድ መሣሪያ አይበቃም። መዝገብ፣ ግራፋይት፣ ሳተላይትና ድንገተኛ ፍተሻ ሲደራረቡ ነው መደበቅ የሚከብደው። ስምምነቱ ሳይኖር ግን ማንም መዝገቡን አይከፍትም፤ ማንም ግራፋይቱን አያስቆፍርም። ኒው ስታርት ሲያልቅ ያጣነው ይህን ነው።

---

የጉለሌው

እሺ፣ አንድ የመጨረሻ። ልጄ ስቶክሆልም፣ አረፋው የሚያነጻጽረው ሁለት ዕቃ ነው አልክ። የመጀመሪያው፣ መነሻ የሚሆነው አረር ራሱ ሐሰተኛ ቢሆንስ? ሁሉም ሐሰተኛ ሆነው እኩል ቢሆኑስ?

---

ስቶክሆልም_ነዋሪ

ጋሼ፣ ፈተናውን አለፉ። የሐሳቡ ባለቤቶችም ያስጨነቃቸው ይህ ነው። መልሳቸው መነሻውን ከባለቤቱ እጅ አለመቀበል ነው። ተቆጣጣሪው ድንገት ይመጣል፣ ጉድጓድ ውስጥ ለመተኮስ ዝግጁ ሆነው ከተቀመጡት ሚሳኤሎች አንዱን ራሱ ይመርጣል፣ አረሩ እዚያው ታሽጎ መነሻ ይሆናል። የትኛው እንደሚመረጥ ሳያውቅ ሐሰተኛ አረር በየሚሳኤሉ የሚሰቅል አገር በዚያ ቀን መከላከያ የለውም። ያንን የሚደፍር የጦር አዛዥ ያለ አይመስለኝም።